ወደፊት እየተራመድኩ ሃዶከን ስሞክር ለምን ሾርዩከን ይወጣል? ስለ ልዩ ምቶች የግብዓት አቋራጮች የተሰጠ ምላሽ

ጠያቂያችን የጻፉት ባጭሩ ይህ ነው፦ በስትሪት ፋይተር የፍልሚያ ጌም ሪዩ የተባለውን ተፋላሚ ይዘው ወደፊት እየተራመዱ ሃዶከን (የኃይል ኳስ) ለመወርወር ሲሞክሩ ሾርዩከን (ወደ ላይ እየዘለሉ የሚመቱት ቡጢ) ይወጣባቸዋል፤ አብረዋቸው የሚጫወቱት ደግሞ «ሙሉውን እንቅስቃሴ መሥራት አያስፈልግም፣ አቋራጭ አለው» ይሏቸዋል። የሚጫወቱት በኪቦርድ ሲሆን አልፎ አልፎ ጆይፓድ ይይዛሉ። ማወቅ የፈለጉት አቋራጭ የሚባለው በትክክል ምን እንደሆነ፣ እሱን መልመድ ኋላ ይጎዳቸው እንደሆነ፣ እንዲሁም ማጭበርበር ይባል እንደሆነ ነው።

ያልፈለጉት ሾርዩከንና ጓደኞችዎ የሚያወሩለት አቋራጭ ከአንድ ምንጭ የሚቀዱ ናቸውና ሁለቱን አብሬ አስረዳለሁ። ለመግባባት ያህል አቅጣጫዎችን ተጫዋቾች እንደለመዱት በኪቦርድ የቁጥር ሰሌዳ እጠራቸዋለሁ፤ ተፋላሚዎ ወደ ቀኝ ዞሮ ቆሟል ብንል 5 መሐል፣ 6 ወደፊት፣ 4 ወደኋላ፣ 8 ወደ ላይ፣ 2 ወደ ታች ነው፤ 1፣ 3፣ 7 እና 9 ደግሞ አራቱ ሰያፍ አቅጣጫዎች ናቸው። በዚህ አጻጻፍ ሃዶከን 236 እና ቡጢ፣ ሾርዩከን ደግሞ 623 እና ቡጢ ይሆናል። ተፋላሚው ወደ ግራ ሲዞር ሁሉም ይገለበጣል።

በቅድሚያ መታወቅ ያለበት፣ ጌሙ አውራ ጣትዎ ወይም ጆይስቲኩ የሠራውን ቅስት ፈጽሞ እንደማያይ ነው። የሚያደርገው በሰከንድ 60 ጊዜ፣ ማለትም በየ16.7 ሚሊሰከንዱ ገደማ፣ አቅጣጫው የት እንዳለና የትኛው ቁልፍ እንደተጫነ መመዝገብ ብቻ ነው፤ ይህች የጊዜ ክፍል ፍሬም ትባላለች። ቡጢ በተጫነባት ፍሬም ላይ ጌሙ መዝገቡን ወደኋላ ይመለከትና፣ እንደ ሃዶከን ላለ ለአንድ ልዩ ምት የሚያስፈልጉት አቅጣጫዎች በቅደም ተከተላቸው፣ በተፈቀደላቸው ጊዜ ውስጥ ተገኝተዋል ወይ ብሎ ይመረምራል። በመካከላቸው ሌላ አቅጣጫ ቢገባ አብዛኛውን ጊዜ ዝም ብሎ ያልፈዋል። የሚፈልገው የተጠየቁት አቅጣጫዎች መኖራቸውን እንጂ ሌላ አቅጣጫ አለመኖሩን አይደለምና። ከአንዱ አቅጣጫ እስከሚቀጥለው የሚሰጠው ጊዜ ከጌም ጌም፣ አንዳንዴም ከምት ምት ይለያያል፤ በአብዛኛው ግን ከሩብ ሰከንድ ያነሰ ነው።

አሁን የእርስዎን እጅ እንከተል። ወደፊት ሲራመዱ 6 ተመዝግቧል። ወዲያው ለሃዶከን 2፣ 3፣ 6 አስገብተው ቡጢ ሲጫኑ በመዝገቡ ላይ ያለው 6236 ነው። ይህ መዝገብ 236ን ይዟል፤ ግን ከፊቱ ስታዩት 623ንም ይዟል። ሁለቱም ጥያቄዎች ተሟልተዋልና ጌሙ አንዱን መምረጥ አለበት፤ የሚመርጠውም አስቀድሞ በተጻፈለት የቅድሚያ ተራ ነው። በብዙ ጌሞች ሾርዩከን ከሃዶከን፣ ሱፐር የሚባለው የበረታ ምት ደግሞ ከሁለቱም ይቀድማል። ምክንያቱ ለመረዳት አያስቸግርም፦ ሠሪዎቹ «ከበድ ያለውን እንቅስቃሴ በስሕተት የሚሠራ ሰው ጥቂት ነው» ብለው ስለሚነሡ፣ መዝገቡ ለሁለት ሲያጠራጥር ለከባዱ ይፈርዳሉ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1993 በወጣው ፌታል ፊውሪ ስፔሻል በተባለ ሌላ የፍልሚያ ጌም፣ ጊስ ሃዋርድ የተባለው ተፋላሚ ሬጂንግ ስቶርም የሚባለው ምቱ 1632143 ይጠይቃል፤ እንዲህ ያለውን ጥምዝምዝ ሳያስበው የሚሠራ የለም። 6236 ግን ማንም ወደፊት የሚራመድ ሰው በየደቂቃው የሚሠራው ስለሆነ ግምቱ እዚህ ላይ ያነክሳል።

መፍትሔው የመጀመሪያውን 6 ማስረጀት ነው። አንደኛው መንገድ መራመዱን ጨርሰው ጣትዎን ለአፍታ ወደ 5 መመለስና ከዚያ 236 መሥራት ሲሆን፣ ጉዳቱ ያቺ አፍታ ለተጋጣሚ መታየቷ ነው። ሁለተኛውና ብዙዎች የሚመርጡት ደግሞ ከ6 በኋላ ግማሽ ክብ፣ ማለትም 41236 ማስገባት ነው። 4 እና 1 በመካከል ሲገቡ በ6 እና በ2 መካከል ያለው ርቀት ይረዝምና ሾርዩከን ከተፈቀደለት ጊዜ ይወጣል፤ የሃዶከኑ 236 ግን ሳይነካ ይቀመጣል። ከዚህ ሌላ የመጨረሻውን 6 በሚገባ ሳይደርሱ 3 ላይ እያሉ ቡጢ የመጫን ልማድ ካለዎት ይተዉት። መዝገቡ 623 ላይ ካበቃ ጌሙ ምንም የሚያመነታበት ነገር የለም፤ 6 ላይ ሲያበቃ ግን አንዳንድ ጌሞች የመጨረሻውን አቅጣጫ አይተው ለሃዶከን ይፈርዳሉ።

ወደ አቋራጩ እንለፍ። የአብዛኞቹ አቋራጮች መነሻ ሰያፍ አቅጣጫ የሁለት አቅጣጫዎች ድብልቅ መሆኑ ነው። 3 ማለት «ታች» እና «ፊት» በአንድ ላይ ናቸው፤ የጌሙ ኮድ «ፊት አለ ወይ?» ብሎ ሲጠይቅ 3ን እሺ ካለ፣ «ታች አለ ወይ?» ሲልም 3ን ሊቀበል ይችላል፤ አንድ ሰው በሁለት ችሎት ምስክር እንደሚቆመው ማለት ነው። ለዚህ ጎልቶ የሚጠቀሰው በ2008 በአርኬድ፣ በ2009 በኮንሶል የወጣው ስትሪት ፋይተር 4 ሲሆን፣ በዚያ ጌም 623 መሥራት ሳያስፈልግ 323፣ ከዚያም አልፎ 3ን ሁለት ጊዜ ነካ ነካ አድርጎ ቡጢ መጫን ብቻ ሾርዩከንን ያስወጣ ነበር።

ይህ አቋራጭ ጣትን ከማሳረፍ የበለጠ ጥቅም ነበረው። እውነተኛው 623 በ6 ስለሚጀምር ተቀምጦ የሚጠብቅ ተፋላሚ ቀና ብሎ ወደፊት እንዲራመድ ያስገድዳል። 3 ግን የመቀመጥ አቅጣጫ ስለሆነ ተጫዋቹ ዝቅ እንዳለ፣ አንዲት እርምጃ ሳይራመድ፣ ዘልሎ የሚመጣበትን ተጋጣሚ በሾርዩከን ይቀበለዋል። ከርቀት የሚመለከት ሰው «ሳይነሣ እንዴት ሠራው?» ብሎ ይገረም ይሆናል፤ የሆነው ግን ኮዱ በጠየቀበት ሁሉ 3 እሺ መባሉ ነው።

ዋጋውም እዚያው ነው። በጥድፊያ ሃዶከን የሚሠራ ሰው መጀመሪያውን ሳተውና እንደገና ጀመረው እንበል፤ መዝገቡ ላይ 2 3 2 3 6 ይቀመጣል። በዚህ ውስጥ 323 አለና በእንዲህ ያለ ጌም የሚወጣው ሾርዩከን ነው። እንደዚሁም ምት እየተከላከለ 3ን ደጋግሞ የሚነካና ቡጢ የሚጫን ሰው፣ ያላሰበውን ሾርዩከን ወደ ባዶ አየር ሰድዶ ራሱን ለቅጣት አሳልፎ ይሰጣል። የእኔ አስተያየት ስትሪት ፋይተር 4 በዚህ ረገድ በሩን ከሚገባው በላይ ከፍቶት ነበር የሚል ነው፤ ለጀማሪ የተሰጠው ምቾት ለሰለጠነው ተጫዋች የበለጠ ጠቅሟል፤ ለጀማሪው ግን የራሱን ስሕተት እንዳያውቅ ሸፍኖበታል። ከዚያ በኋላ የመጡ ጌሞች የየራሳቸውን ድንበር ስላሰመሩ ከአንዱ የለመዱትን ሳይሞክሩ ወደ ሌላው አይውሰዱ።

በሙሉ ልብ ወዲያውኑ እንዲለምዱት የምመክረው አቋራጭ ተጋጣሚን እየጨበጠ የሚጥለውን ተፋላሚ የዛንጊፍን 360 ነው። የምቱ መግለጫ አንድ ሙሉ ክብ ዙረህ ቡጢ ተጫን ይላል፤ ጌሙ የሚፈልገው ግን አራቱን ዋና አቅጣጫዎች፣ 6፣ 2፣ 4 እና 8ን ነው። ከ6 ተነሥቶ በ2 እና በ4 በኩል 8 ላይ የሚደርስ ሰው የዞረው 270 ዲግሪ ብቻ ነው፤ የቀረው ሩብ ክብ ወደ ተነሣበት መመለስ ስለሆነ አዲስ የሚጨምረው አቅጣጫ የለም። በተግባር ደግሞ ሰያፉ 7 የ«ላይ»ን ድርሻ ስለሚሸፍን ብዙ ተጫዋቾች 63214 ሠርተው ወደ 7 ከፍ እንዳሉ ቡጢ ይጫናሉ። «ወደ ላይ ከነካሁ አይዘልም ወይ?» የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን ዝላይ ራሱ የመነሻ ጊዜ እንዳለው ነው። በስትሪት ፋይተር 6 ለአብዛኞቹ ተፋላሚዎች ይህ ጊዜ 4 ፍሬም ሲሆን፣ እግራቸው ከመሬት ሳይለቅ ቡጢው ከደረሰ ዝላዩ ይሰረዝና ተጋጣሚን የሚጨብጠው ምት ይወጣል። ጣትዎ ለዚያ ካልፈጠነ ክቡን ተፋላሚው በማይዘልበት ሰዓት፣ ለምሳሌ ቀላል ምት እየሰነዘረ፣ ከዝላይ እየወረደ ወይም ምት እየተከላከለ ሳለ አስገብተው መጨረስ ይችላሉ፤ መዝገቡ ተፋላሚው የሚያደርገውን ሳይጠብቅ ይመዘግባልና።

ያው መዝገብ ቶሎ ስለማይጠፋ አንድ እንቅስቃሴ ለሁለት ምት ሊቆጠር ይችላል። ብዙ ሱፐሮች 236236 ይጠይቃሉ። ሃዶከን ወርውሮ ወዲያው ወደ ሱፐር ለማለፍ የሚፈልግ ጀማሪ ከሃዶከኑ በኋላ 236236ን እንደ አዲስ ሊያስገባ ይታገላልና ጊዜ ያልፍበታል። ልምድ ያለው ግን 236 እና ቡጢ፣ ቀጥሎ አንድ 236 ብቻና ቡጢ ይላል፤ የመጀመሪያው 236 ሃዶከኑን ካስወጣ በኋላም መዝገቡ ላይ ስላለ ለሱፐሩ ግማሽ ሆኖ ይቆጠርለታል። ከሾርዩከን ወደ ሱፐር ለማለፍም ስሌቱ ያው ነው፦ 623 ሠርተው 6ን ጨምረው ቡጢ ቢጫኑ መዝገቡ 6236 ስለሚሆን፣ ውስጡ ያለው 236 ተቆጥሮ የሚቀርዎት አንድ 236 ይሆናል። ይኸኛው ውጭውን ሲያዩት የእጅ ፍጥነት ይመስላል፤ በመሠረቱ ግን ቆጠራ ነው።

በቁልፉም በኩል ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። በስትሪት ፋይተር ጌሞች ቁልፍ መጫን ብቻ ሳይሆን መልቀቅም ለልዩ ምት እንደ ትእዛዝ ይቆጠራል፤ ለተራ ቡጢና ርግጫ ግን አይሠራም። ቡጢን ይዘው ቆይተው 236 ሠርተው ቢለቁት ሃዶከን ይወጣል። ጥቅሙ ለአንድ እንቅስቃሴ ሁለት ዕድል ማግኘትዎ ነው፤ ሲጫኑ ቢፈጥኑና ባይቀበልዎት ሲለቁ ሊቀበልዎት ይችላል። ጉዳቱም ያው ነው፦ ቀላል ቡጢ ሰንዝረው ጣትዎን ሳያነሡ ወደ ሌላ እንቅስቃሴ ከተሻገሩ በኋላ ሲለቁት ያልተጠራ ምት ይመጣል። «ምንም ሳልጫን ወጣ» የሚል ቅሬታ ስሰማ መጀመሪያ የምጠረጥረው ይህንን ነው።

ኪቦርድ የሚጠቀሙ መሆንዎ አንዳንድ ነገር ያቀልልዎታል፣ አንዳንዱን ያከብድብዎታል። በ236 ላይ ብዙ ጊዜ የሚጠፋው 3 ነው። ኪቦርድ ለሰያፍ የተለየ ቁልፍ ስለሌለው 3 የሚገኘው «ታች» እና «ፊት» አብረው ተጭነው ሲቆዩ ነው፤ ታችን ለቅቀው ፊትን ከተጫኑ መዝገቡ 2 5 6 ይሆንና ጌሙ የሚፈልገው 3 አይገኝም። ስለዚህ ታችን ይያዙ፣ ሳይለቁት ፊትን ይጨምሩ፣ ከዚያ ታችን ይልቀቁ። ሁለት ጣቶች ለአጭር ጊዜ መደራረብ አለባቸው፤ ቡጢውም የሚመጣው ታች ከተለቀቀ በኋላ ነው።

ለ623 ደግሞ ፊትን ይዘው ታችን ይጨምሩ፣ ፊትን ለቅቀው መልሰው ይጫኑና ቡጢ ያስከትሉ። መዝገቡ 6 3 2 3 ይሆናል፤ በመካከል የገባውን 3 ጌሙ ስለሚያልፈው 623 ተሟልቷል። እንደ ሂት ቦክስ ባሉ ጆይስቲክ በሌላቸውና አቅጣጫው ሁሉ በቁልፍ በሆነ መቆጣጠሪያዎች የሚጫወቱ ሰዎች ከዚህም ያጠረ መንገድ አላቸው። ፊትን እንደያዙ ታችን እና ኋላን በአንድ ላይ ይጫናሉ፤ ፊትና ኋላ ተቃራኒ ስለሆኑ ተጣፍተው የሚቀረው 2 ነው፤ ከዚያ ኋላን ብቻ ሲለቁ 3 ይመጣል። ፊት አንድ ጊዜም ሳይለቀቅ 6 2 3 ተጠናቀቀ ማለት ነው። ይህ የሚሠራው ግን መቆጣጠሪያው ወይም ጌሙ ሁለት ተቃራኒ አቅጣጫዎችን ወደ መሐል የሚመልስ ከሆነ ነው፤ መጨረሻ ለተጫነው የሚያደላ ከሆነ በ2 ፈንታ 1 ይመዘገብና ነገሩ ይበላሻል። በጆይፓድ ይህ የማይሞከር ነው፣ ምክንያቱም አንድ አውራ ጣት ግራንና ቀኝን በአንድ ጊዜ ሊጫን አይችልም።

እንደ ጋይል ያሉ፣ ምታቸው እንዲወጣ አንድ አቅጣጫ ለጥቂት ጊዜ ተይዞ የሚጠራቀምላቸው ተፋላሚዎችን በተመለከተ ብዙ የምለው የለም፤ 1 «ኋላ»ንም «ታች»ንም በአንድ ላይ ስለሚያጠራቅም ለሁለቱ ልዩ ምቶቹ፣ ለሶኒክ ቡምም ለፍላሽ ኪክም፣ መነሻው 1 ላይ መቀመጥ ነው፤ ወደፊት ዘልለው አየር ላይ ሳሉም 1ን መያዝ ይችላሉ።

ይህ ሁሉ ልግስና በየጌሙ አለ ማለት አይደለም። ተከን በተባለው የፍልሚያ ጌም የሚሺማ ቤተሰብ ተፋላሚዎች ኤሌክትሪክ የሚባለው ምት 6፣ 5፣ 2፣ 3 ከተሠራ በኋላ ቡጢው ከ3 ጋር በአንዲት ፍሬም ላይ እንዲያርፍ ይጠይቃል፤ በአንድ ፍሬም ቢዘገይ የሚወጣው ተራው ምት ነው። እዚያ ጥብቅነቱ ራሱ የምቱ ዋጋ ስለሆነ አቋራጭ ቢሰጠው ምቱን ማቅለል ሳይሆን ማጥፋት ይሆን ነበር።

በሌላው ጫፍ ደግሞ እንቅስቃሴውን ጨርሶ ያስቀሩ አሉ። በሰኔ 2 ቀን 2023 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የወጣው ስትሪት ፋይተር 6 «ሞደርን» በሚባለው የአጨዋወት ዘዴው ልዩ ምቶችን በአንድ ቁልፍና በአንድ አቅጣጫ ያወጣል፤ በምትኩ በዚህ መንገድ የወጣው ምት ጉዳቱ በ20 በመቶ ይቀንሳል፣ የተራ ቡጢና ርግጫ ምርጫዎችም ያንሳሉ። እዚያው ዘዴ ውስጥ ሆነው 623ን በእጅ ቢሠሩ ግን ቅናሹ አይነካዎትም። በ2020 የወጣው ግራንብሉ ፋንታሲ ቨርሰስ ዋጋውን በጊዜ አስከፍሏል፤ በቀላሉ የተጠራ ምት እንደገና ለመጠራት ረዘም ያለ ጊዜ ይጠብቃል። ሁለቱም አንድ ሐቅ አምነዋል፦ እንቅስቃሴ መሥራት ጥቂት ፍሬሞችን ስለሚበላ፣ አንድ ቁልፍ የሚጫን ሰው ዘልሎ የሚመጣን ተጋጣሚ አይቶ ለመምታት የበለጠ ጊዜ አለው፤ ይህ ብልጫ በነፃ ሊሰጥ አይገባም።

ማጭበርበር ነው ወይ ላሉት፣ አይደለም። አቋራጩ የሚሠራው ጌሙ ራሱ እንዲቀበለው ሆኖ በተጻፈው መጠን ነው፤ እያንዳንዷን አቅጣጫና ቁልፍ የሚጫነውም የእርስዎ ጣት ነው። አንድ ቁልፍ ሲነኩ 623 እና ቡጢን በራሱ የሚያስገባ ፕሮግራም ወይም ቁልፍን በራሱ የሚደጋግም መቆጣጠሪያ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ውድድሮችም በአብዛኛው ይከለክሉታል። ጆይስቲክ የሌላቸውን መቆጣጠሪያዎች በተመለከተም ተቃራኒ አቅጣጫዎች አብረው ሲጫኑ ምን መመዝገብ እንዳለበት የሚወስኑ ደንቦች ስላሉ፣ ለውድድር ከመመዝገብዎ በፊት ደንቡን ያንብቡ።

አቋራጭ መልመድ ይጎዳል ወይ ለሚለው መልሴ እንደ አቋራጩ ይለያያል። የ360ውን እና ሁለት ምት የሚያገናኘውን የሱፐር ቆጠራ ዛሬውኑ ይልመዱ፤ ሙሉውን ክብ ሲዞር የሚገኝ ምንም ትርፍ የለም። 623ን ግን በሁለቱም ዙር፣ ቀኝም ግራም ሲቆሙ፣ በትክክል መሥራት ሳይችሉ ወደ 323 አይሂዱ፤ የሚቀጥለው ጌም 323ን ባይቀበል ከዜሮ ይጀምራሉና።

ለአሁኑ ችግርዎ ትሬኒንግ ሞድ የሚባለው የጌሙ የልምምድ ክፍል ገብተው ግብዓትን በስክሪን ላይ የሚያሳየውን አማራጭ ይክፈቱ፤ በስትሪት ፋይተር 6 ከእያንዳንዱ ቀስት አጠገብ አቅጣጫው ስንት ፍሬም እንደቆየ በቁጥር ይታያል። ወደፊት ተራምደው 41236 እና ቡጢ ይሞክሩ። ሾርዩከን ከወጣ ዓይንዎን ከምቱ አንሥተው ወደ ቀስቶቹ ይመልሱና ከመጨረሻው 6 በፊት ያለውን የመራመጃ 6 ይፈልጉ፤ ከእርሱ እስከ 2 ድረስ ያሉትን ፍሬሞች ደምሩ። ከዚያ 4 ላይ ትንሽ ረዘም አድርገው እየቆዩ ቁጥሩን ጥቂት በጥቂት ያሳድጉት፤ ሃዶከን መውጣት የሚጀምርበት ቁጥር ያ ጌም ለ623 የሚሰጠው የጊዜ ድንበር ነው፤ ከድንበሩ ሁለት ሦስት ፍሬም አልፈው ይለማመዱ።